ለአዲስ ስማርት ስልክ የቆዳ ማኅደር በእጅ መሥራት፦ ከመጀመሪያው ሳምንት አያያዝ እስከ መጨረሻው ስፌት

አዲስ ስማርት ስልክ የገዛ ሰው ገና ከሱቁ ሳይወጣ ከቨሩን፣ የስክሪን መስታወቱን፣ ማንጠልጠያውንና የቆዳ መያዣውን አብሮ እንዲገዛ ይጠየቃል። እኔ የምመክረው መስታወቱንና አንድ ቀለል ያለ የሲሊኮን ከቨር ዕለቱን አድርገው፣ የቀረውን ግን ለአንድ ሳምንት እንዲያቆዩት ነው። በዚያ ሳምንት ውስጥ ስልኩን በየትኛው ኪስ እንደሚይዙት፣ በየትኛው እጅ እንደሚያወጡት፣ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጡ የት እንደሚያደርጉትና ማታ ሲተኙ ከየት እንደሚያኖሩት ራስዎ ያውቁታል። በእጅ የተሠራ መያዣ ከሱቅ ዕቃ የሚሻለው ለእነዚህ ልማዶች ተለክቶ ሲሠራ ነው፤ ልማዱ ሳይታወቅ የተቆረጠ ቆዳ ግን የሱቁን ያህል እንኳ አያገለግልም።

ከዚህ በታች የማሳየው ከአንድ ቁራጭ ቆዳ ተቆርጦ፣ በሁለት መርፌ ተሰፍቶ፣ በማንገቻ የሚንጠለጠል የስልክ ማኅደር አሠራር ነው። ማኅደር የሚለውን ስም የመረጥኩት በምክንያት ነው። አባቶቻችን የብራና መጻሕፍትን ከአቧራና ከእርጥበት የጠበቁት በቆዳ ማኅደር ከትተው፣ በማንገቻው ከግድግዳ ላይ በመስቀል ወይም በትከሻቸው በማንገት ነበር። በልኩ የተሰፋ ቆዳ፣ ክዳንና ማንገቻ ለስልክም የሚበቃ ጥበቃ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት

ወደ ስፌቱ ከመግባታችን በፊት ስልኩ ራሱ ሥርዓት መያዝ አለበት። በመጀመሪያ *#06# ይጫኑ፤ በስክሪኑ ላይ የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር የስልኩ መለያ ነው። ሁለት ሲም የሚወስድ ከሆነ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩን ስልኩ ውስጥ ሳይሆን በወረቀት ላይ ጽፈው፣ ከደረሰኙና ከካርቶኑ ጋር ያስቀምጡት፤ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ንብረቱ የእርስዎ መሆኑን የሚያስረዳልዎ እሱ ነው።

ቀጥሎ የስክሪን መቆለፊያ ያብጁ። በአገራችን ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ የባንኮቹም መተግበሪያዎች ከተስፋፉ በኋላ፣ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ስለዚህ ስክሪኑን የሚከፍተው ቁጥርና ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው የሚስጥር ቁጥር በፍጹም አንድ መሆን የለባቸውም። የትውልድ ዓመትንም አይጠቀሙ። ሲም ካርዱንም በራሱ የሚስጥር ቁጥር ቢቆልፉት መልካም ነው፤ ምክንያቱም ሌባ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ቢከተው የማረጋገጫ መልእክቶችዎ ሁሉ ለእሱ ይደርሱታል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ይቆለፍና ባለ 8 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ሲሙ ተያይዞ በመጣበት የፕላስቲክ ካርድ ላይ ስለሚገኝ ካርዱን አይጣሉት።

የስም ዝርዝርዎ በሲሙ ላይ ሳይሆን በኢሜይል አካውንትዎ ላይ እንዲቀመጥ ያድርጉ። የሲስተም ማሻሻያና የመተግበሪያ ማሻሻያ በዋይፋይ ብቻ እንዲወርድ ያዘዙ እንደሆነ፣ በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚላኩ ቪዲዮዎችም በራሳቸው እንዳይወርዱ ከከለከሉ፣ ዳታዎ ሳያውቁት አያልቅም። የአማርኛ የፊደል ገበታውን ከኪቦርድ ማስተካከያው ውስጥ በዚያው ምሽት ይጨምሩ፤ ለነገ ካሉት በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ይለምድብዎታል፣ የለመደውን መተው ደግሞ ከባድ ነው።

ስለ ባትሪ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። የሊቲየም ባትሪ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በሙቀት ነው፤ ስለዚህ ቻርጅ ሲደረግ ከትራስ ሥር፣ ከፀሐይ ላይ ወይም ከማኅደሩ ውስጥ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ይንቀሉትና መብራቱ ተመልሶ ሲረጋጋ ይሰኩት፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚከሰተው የኃይል መዋዠቅ ርካሽ ቻርጀሮችን ያቃጥላል።

ልኬት

ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ማስመሪያና እርሳስ ይያዙ። ስልኩ የሚለካው ከቨሩንና መስታወቱን እንዳደረገ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው የመጀመሪያውን ማኅደር ስሠራ ስልኩን ራቁቱን ለክቼ ስለነበር ነው። ከሰፋሁት በኋላ ከቨሩን ለብሶ በግድ ገባ፤ ጎኑ የማብሪያውን ቁልፍ እየተጫነው ስክሪኑ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ሲበራ ውሎ፣ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ባትሪው አለቀ። ቆዳውም ስፌቱም ባከኑ።

ሦስት ልኬቶች ይጻፉ፦ ቁመት፣ ስፋትና ውፍረት። ለምሳሌ ያህል ከቨር የለበሰ ስልክ ቁመቱ 164፣ ስፋቱ 77፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በሁለቱ የጎን ስፌቶች መካከል ሊኖር የሚገባው ስፋት የስልኩ ስፋትና ውፍረት ተደምሮ፣ በላዩ ላይ ለቆዳውና ለገበሩ 3 ሚሊ ሜትር ሲጨመርበት ነው፤ 77 ሲደመር 10 ሲደመር 3፣ 90 ይሆናል። ከስፌቱ ውጭ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ስለሚተው የሚቆረጠው ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ነው። ልኬቱ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ በስልኩ ወገብ ላይ ጠምጥመው ጫፎቹ የተገናኙበትን ምልክት ያድርጉና ጥብጣቡን ዘርግተው እኩሌታውን ይውሰዱ። ከስፋትና ከውፍረት ድምር ጋር ማለትም ከ87 ጋር ካልተስማማ አንዱ ልኬት ስሕተት አለበት።

ርዝመቱ እንዲህ ይደመራል። ከፊት የሚሆነው ክፍል 155፣ ከታች ለሚታጠፈው 10፣ ከኋላ ያለው 164፣ ከላይ ዞሮ ለሚመጣው 10፣ ለክዳኑ 65 ሚሊ ሜትር፤ ሁሉም ሲደመር 404 ይሆናል። የፊቱ ክፍል ከስልኩ ቁመት በ9 ሚሊ ሜትር እንዲያጥር የተደረገው ስልኩን በሁለት ጣት ይዞ ለመሳብ እንዲመች ነው። እኔ ስልኬን ከታክሲ ወርጄ በግራ እጄ ስለማወጣ 15 ሚሊ ሜትር አሳጥሬዋለሁ፤ የእርስዎን የሚነግርዎ አብረውት ያሳለፉት ሳምንት ነው።

ይህን ሁሉ በቀጥታ በቆዳ ላይ አይሞክሩት። በመጀመሪያ ከካርቶን ወይም ከወፍራም ወረቀት ቆርጠው፣ አጥፈው፣ ጎኖቹን በስቴፕለር ይያዙትና ስልኩን ያስገቡት። ስልኩ ሲገባ በጥቂቱ ሊያዝ ይገባል፤ ገልብጠው ሲይዙት ግን ወድቆ የሚወጣ ከሆነ ሰፍቷል ማለት ነው።

ቆዳውና ዕቃዎቹ

ቁርጥራጭ ቆዳ ከጫማና ከቦርሳ ሠሪዎች በቀላሉ ይገኛል፤ መርካቶ ደርሶ መጠየቅ ለሚችል ሰው ደግሞ ምርጫው ሰፊ ነው። የበግ ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ነገር ግን ይለጠጣልና በጥቂት ወራት ውስጥ ማኅደሩ ይሰፋል። የበሬ ቆዳ ጠንካራ ቢሆንም ወፍራሙ በእጅ ወስፌ በቀላሉ አይበሳም። ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው የፍየል ቆዳ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ሳለ አይቀደድም። በዓለም የቆዳ ገበያ የባቲ ፍየል ቆዳ ስም ያተረፈው ያለምክንያት አይደለም። ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ቆዳውን በሁለቱም አቅጣጫ በእጅዎ ይሳቡት፤ ብዙ የማይለጠጥበት አቅጣጫ የማኅደሩ ርዝመት ሆኖ መቆረጥ አለበት፤ አለዚያ የስልኩ ክብደት ቀስ በቀስ ወደ ታች ያወርደዋል።

ከቆዳው ሌላ የሚያስፈልጉት፦ ለገበር የሚሆን አቡጀዲ ወይም የታጠበ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ፣ ማስቲሽ፣ የጫማ ክር፣ ሁለት ትልልቅ መርፌ፣ ስፌት የሚሰፋበት ወስፌ፣ አንድ ሹካ፣ ምላጭ ወይም ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ አሮጌ የነጠላ ጫማ ሶልና ጥቂት ሰም ናቸው። ሰም ከሌለ ጧፍ ይበቃል።

መቁረጥና መገበር

የወረቀቱን ልክ በቆዳው የውስጥ ፊት ላይ አጋድመው በእስክሪብቶ ያስምሩ። ምላጩን በአንድ ጊዜ ኃይል ከመጫን ይልቅ ማስመሪያውን አጥብቀው ይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ይሳቡት፤ መቀስ የቆዳን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። የክዳኑን ጫፍ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ያጥብቡትና ማዕዘኖቹን ያክቡ። ከዚሁ ጋር ሁለት ትናንሽ ነገሮች ይቆረጣሉ፦ 103 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጥብጣብ፣ እንዲሁም ለማንገቻው ጆሮ የሚሆኑ 60 በ15 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች።

ገበሩን ከቆዳው በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር አስፍተው ይቁረጡ። ማስቲሹን በቆዳውም በጨርቁም ላይ በስሱ ቀብተው፣ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁና ከአንድ ጫፍ ጀምረው እየተጫኑ ያጣብቁት። ማስቲሽ ሽታው ራስ ያማል፣ እሳትም ይይዛል፤ ስለዚህ መስኮት ተከፍቶ፣ ከሰልና ቡታጋዝ በሌለበት ክፍል ይሠራ። ሌሊቱን ካደረ በኋላ ትርፉ ጨርቅ ከቆዳው ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ በምላጭ ይቆረጣል።

ስፌቱ

ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ሊዛባ አይገባም። ቆዳውን የፊቱ ክፍል 155 ሚሊ ሜትር ላይ እንዲያልቅ አድርገው ያጥፉት። ጥብጣቡን ከአፉ 30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ በፊቱ ክፍል ላይ አግድም ያስቀምጡና ጫፎቹን ከጎኖቹ ጋር እኩል ያድርጉ፤ ከስፋቱ በ3 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም መሀሉ በጥቂቱ ይነሣል፣ የጠበበው የክዳኑ ጫፍ የሚገባውም በዚያ ሥር ነው። ሁለቱን ጆሮዎች አጥፈው ጫፋቸውን ከአፉ 20 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ በፊትና በኋላ ቆዳ መካከል ያስገቡ። ሁሉንም በጠርዙ ላይ በ4 ሚሊ ሜትር ስፋት በተቀባ ማስቲሽ ያያይዙ። ጥብጣቡም ጆሮዎቹም በዚሁ የጎን ስፌት ይያዛሉና ኋላ ለመጨመር አይቻልም። ማግኔት ያለው መቆለፊያ ያላስገባሁት ሆን ብዬ ነው፤ ማግኔት የስልኩን የአቅጣጫ ጠቋሚ ያሳስተዋል፣ የካርታ መተግበሪያም ፊትዎ ወደየት እንደዞረ የሚያሳየው በዚያ ነው።

ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ በማስመሪያና በወስፌ ጫፍ ቀጭን መስመር ያስምሩ። አሁን ሹካውን በመስመሩ ላይ ቀጥ አድርገው ይጫኑት፤ ጥርሶቹ በእኩል ርቀት ምልክት ይተዋሉ። ሹካውን ሲያሸጋግሩ የመጀመሪያውን ጥርስ በመጨረሻው ምልክት ላይ ያሳርፉ፣ እንዲህ ከሆነ ርቀቱ አይዛነፍም። በምልክቶቹ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ያህል ካለ በየጎኑ 30 ገደማ ቀዳዳ ይወጣል። ከታች መታጠፊያው ሲደርስ 5 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ያቁሙ፤ እስከ መጨረሻው ከተሰፋ ማዕዘኑ ተቆንጥጦ የስልኩ ግርጌ አይገባም፣ የተተወችውም ክፍተት የገባ አቧራ እንዲወጣ ትረዳለች።

ማኅደሩን በነጠላ ጫማው ሶል ላይ አጋድመው እያንዳንዱን ምልክት በወስፌ ይብሱ። ወስፌው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ካጋደለ በፊት በኩል የተስተካከለው መስመር በኋላ በኩል ተጠማዞ ይወጣል። በየአምስት ቀዳዳው ገልብጠው ኋላውን ይዩት።

የክሩ ርዝመት የስፌቱ አራት እጥፍ ሆኖ ጥቂት ይጨመርበታል፤ ለ155 ሚሊ ሜትር ስፌት 80 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ክሩን በሰሙ ላይ በአውራ ጣት ተጭነው ሦስት ጊዜ ይሳቡት። በትክክል ሰም የተቀባ ክር ሲሳብ ትንሽ ይጮኻል፣ ሲለቀቅም ቀጥ እንዳለ ይቆያል። በሁለቱም ጫፍ መርፌ ይሰኩና ማኅደሩን በሁለት ጉልበትዎ መካከል አጥብቀው ይያዙ። በአፉ በኩል ባለው የመጀመሪያ ቀዳዳ አንዱን መርፌ አሳልፈው ክሩን በሁለቱም ወገን እኩል ያድርጉ፤ አፉ ብዙ ስለሚጎተት ክሩን በጠርዙ ላይ አዙረው በዚያው ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ያሳልፉት። ከዚያ በሁለተኛው ቀዳዳ የቀኙን መርፌ ወደ ግራ ያሳልፉ፣ ቀጥሎ የግራውን መርፌ በዚያው ቀዳዳ ወደ ቀኝ ያሳልፉ፣ ሁለቱንም ክሮች በእኩል ኃይል ይሳቡ። ሁለተኛው መርፌ የመጀመሪያውን ክር እንዳይወጋ ክሩን ወደ አንድ ወገን ሳብ አድርገው ያሳልፉት። ከቀኝ ከጀመሩ እስከ መጨረሻው ከቀኝ ይጀምሩ፤ ቅደም ተከተሉ አንድ ጊዜ ከተቀየረ በስፌቱ ላይ ጉልህ ሆኖ ይታያል። የሁለት መርፌ ስፌት ትልቁ ጥቅሙ በአንድ ቦታ ክሩ ቢበጠስ እንኳ ሌላው ክር ስለሚይዘው ስፌቱ እንደ መኪና ስፌት አለመተርተሩ ነው። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሰው ይስፉና ክሩን ከቆዳው አስጠግተው ይቁረጡ። ክሩ ናይለን ከሆነ ጫፉን በክብሪት ነካ ያድርጉት፤ ጥጥ ከሆነ አንድ ጠብታ ማስቲሽ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጎን ከመጀመሪያው ይልቅ ያምራል፤ እጅ የሚፈታው እየሠራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጎን ከሰውነትዎ ጋር በሚገናኘው ወገን ያድርጉት።

ጠርዞቹን ለማስተካከል በምላጭ እኩል ካደረጉ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ በስሱ አርሰው በማንኪያ ጀርባ እስኪያብረቀርቁ ያሹዋቸው፤ በላያቸው ሰም ቀብተው እንደገና ያሹ። ስልኩን በስስ ፌስታል ጠቅልለው ማኅደሩ ውስጥ ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ቆዳው ቅርጹን ይዞ ያገኙታል። ከዚያ ስልኩን አስገብተው ጎኖቹን በእጅዎ ጨበጥ ያድርጉ፤ ስክሪኑ ከበራ ወይም ድምፁ ከተቀየረ ቁልፎቹ ተጭነዋልና ከቁልፉ ትይዩ ያለውን ቆዳ በማንኪያ ጀርባ ከውስጥ ገፍተው ያስፉት።

ለማንገቻው 120 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቆዳ ከቁርጥራጭ ስለማይገኝ እኔ የተጠቀምኩት ከሽሮ ሜዳ የገዛሁትን ጥለት ነው። ጥለቱን ለሁለት አጥፈው በጠርዙ ሰፍተው ጫፎቹን በጆሮዎቹ ውስጥ አሳልፈው ይስፉዋቸው። ማንገቻው በአንዱ ትከሻ ላይ ሳይሆን አንገትን አልፎ ደረት ላይ በሰያፍ መዋል አለበት፤ ማኅደሩም ከልብስ በታች ወይም ከፊት ይሁን፣ ታክሲ ተራ ላይ ከኋላ የተንጠለጠለ ስልክ ባለቤቱ ሳያይ ይወሰዳል።

ከቀረው ቁራጭ

ስልኩ የመጣበትን ካርቶን ሳይሆን ሌላ ጠንካራ ካርቶን በ8 በ24 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው በሦስት እኩል ቦታ ቢያጥፉትና ጫፎቹን ቢያገናኙት ሦስት ማዕዘን ማቆሚያ ይወጣዋል፤ ከሥሩ ስልኩ እንዳይንሸራተት የቆዳ ቁራጭ ይለጥፉበት። ከእናት ወይም ከልጅ ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ አያስፈልግም።

የቻርጀር ኬብል የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ ከመሰኪያው አጠገብ ነው። ገና አዲስ ሳለ ሰም በተቀባ የጫማ ክር ከመሰኪያው ጀምረው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አጠጋግተው ይጠምጥሙት፤ ከመጠምጠምዎ በፊት የክሩን አንድ ጫፍ በኬብሉ ላይ ቀለበት አድርገው ያስተኙ፣ ሲጨርሱም የቀረውን ጫፍ በቀለበቱ አሳልፈው ሌላውን ጫፍ ይሳቡ፤ ቀለበቱ ከጥምጥሙ ሥር ይገባና ያለ ቋጠሮ ይያዛል። ሁለቱንም ትርፍ ጫፎች ከጥምጥሙ አስጠግተው ይቁረጡ።